«አልቋል» የሚል ወረቀት ስጡን!

(ጸሐፊው ለተማሪዎችና ለወላጆች በተዘጋጀ የቅዳሜ ከሰዓት ውይይት ላይ ያደረገው ንግግር ነው። ለጋዜጣ እንዲመች ጥቂት አጥሯል።)



አዘጋጆቹ ሲጠሩኝ «ስለ ተማሪ አቤቱታ ተናገርልን» ነው ያሉኝ። እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም። ዲፕሎማ ያለኝ፣ ከአንዱ ጋዜጣ ወደ ሌላው እየዞርኩ በጽሑፍ የምከፈል ጋዜጠኛ ነኝ። በዚህ ጉዳይ ላይ ግን ማንም የማይነጥቀኝ አንድ ማዕረግ አለኝ፤ ባለጉዳይ ነኝ። እንዲያውም ፋይሌ ገና አልተዘጋም! ስለዚህ በራሴ ልጀምርና፣ እንግሊዝ አገር ደርሼ፣ ተመልሼ እዚሁ አዲስ አበባ እገባለሁ።

ዘመኑ 2001 ዓ.ም. ነው። በአንድ ኮሌጅ (ስሙን አልጠራም) የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። የካቲት ላይ የአንደኛው ሴሚስተር ውጤት ሲወጣ ከአንዱ ኮርስ ትይዩ «ኤንጂ» ተጽፎ አገኘሁ። ለማታውቁት፣ ኤንጂ ማለት «ውጤት አልመጣም» ማለት ነው። ፈተናውን ግን ተፈትኛለሁ። ያን ዕለት ከጎኔ ተቀምጦ እስክሪብቶ ያበደርኩት ልጅ እንኳ «ቢ» አግኝቷል!

ሬጅስትራር ሄድኩ። «መምህሩ አላስገባም» አሉኝ። መምህሩን ፍለጋ ሄድኩ፤ ሥራ ለቆ ክፍለ አገር ወርዷል። ዲፓርትመንት ኃላፊው ዘንድ ስሄድ «ይኼ የሬጅስትራር ሥራ ነው» አለኝ። ዲኑ ዘንድ ስሄድ ስብሰባ ላይ ናቸው። በማግስቱም ስብሰባ። በሳምንቱም ስብሰባ። ሰኔ ላይ ኤንጂው ወደ «ኤፍ» ተለወጠ። ማን እንደለወጠው እስከ ዛሬ አላውቅም። ሐምሌ ላይ ጓደኞቼ ጋዋን ለብሰው ሲመረቁ እኔ የሰው ካሜራ ይዤ ፎቶ አነሳኋቸው። እናቴ ለምርቃቴ የገዛችው በግ ለእንቁጣጣሽ ታረደ። ኮርሱን እንደገና ከፍዬ ተማርኩ፤ አንድ ዓመቴም ሄደ።

ከኤፉ ይልቅ ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። በእነዚያ አራት ወራት ውስጥ አንድም ሰው «አይሆንም» አላለኝም። እመኑኝ፣ አንድም ሰው! ማመልከቻ ጽፌ በሁለት ኮፒ መዝገብ ቤት ወሰድኩ። «አንዱ ላይ መቀበላችሁን ፈርማችሁ ስጡኝ» ስላት ሠራተኛዋ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። «ምን ልታደርግበት ነው? ልትከሰን ነው?» ደነገጥኩ። «እሺ፣ የማይሆን ከሆነም አይሆንም ብላችሁ ጻፉልኝ» አልኳት። ቢላ የመዘዝኩባት ይመስል አየችኝ። «አይሆንም አላልንህም እኮ፤ ታገስ ነው ያልንህ!»

በሉ እንግዲህ ፍረዱኝ። አይሆንም ያልተባለ ሰው ይግባኝ የሚለው በምን ላይ ነው? ውሳኔ በሌለበት ይግባኝ የለም። የእኛ አገር ቢሮ ብልሃቱ ይኸው ነው። ሰውን አይገፋም፤ ያስጠብቃል። በሩን አይዘጋም፤ ገርበብ አድርጎ ይተወዋል። ገርበብ ያለውን በር ደግሞ ማንኳኳትም መስበርም አይቻልም። አባቶቻችን ደጅ ጥናት የሚሉት ነገር ነበራቸው፤ እኛ ዘንድ ኮምፒዩተር ገባለት እንጂ አልጠፋም።

አሁን ወደ እንግሊዝ ልሻገር። መንገዱን ያሳየችኝ የአክስቴ ልጅ ናት። ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚያ ማስተርስ ስትማር አባቷ ዐረፈ። ለአንድ ጽሑፍ የሁለት ሳምንት ተጨማሪ ጊዜ ጠየቀች፤ መምህሯ በኢሜይል ፈቀደላት። ፈቃዱ ግን የዩኒቨርሲቲው ኮምፒዩተር ላይ አልተመዘገበም። «ዘግይተሻል» ተብላ ውጤቷ ተቀነሰ፤ ኮርሱንም ወደቀች። ይግባኝ አለች። ኮሚቴው ምክንያት ሳይሰጥ በሁለት መስመር ውድቅ አደረገው። እስከዚህ ድረስ ስትነግረኝ «ታዲያ ፈረንጅም እንደኛው ነው» ብዬ ስቄ ነበር።

ሳቄን ያቆመው ቀጥሎ የመጣው ደብዳቤ ነው። በቴሌግራም ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ዩኒቨርሲቲው በራሱ ማህተም ምን ይላል መሰላችሁ? የውስጥ ሥርዓታችን በአንቺ ጉዳይ ላይ አልቋል፤ አቤቱታሽ ይህ ነበር፤ የወሰንነው ይህን ነው፤ ካልተስማማሽ በ12 ወር ጊዜ ውስጥ ወደ ነፃው መርማሪ መሄድ ትችያለሽ። አድራሻው ይኸው! ይላል። ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። የሚከሰሰው አካል የሚከስበትን አድራሻ ራሱ ጽፎ ሲሰጥ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም።

ይህ ደብዳቤ «የሥርዓት ማጠናቀቂያ ደብዳቤ» ይባላል። ዩኒቨርሲቲው ካዘነ የሚጽፈው፣ ካኮረፈ የሚተወው ወረቀት አይደለም። የውስጥ ሥርዓቱ ካለቀ በኋላ በ28 ቀን ውስጥ እንዲሰጥ ይጠበቅበታል። የውስጥ ሥርዓቱ ራሱ ደግሞ በ90 ቀን ገደማ እንዲያልቅ የሚል መመሪያ አለ። እኔ ኤንጂ ይዤ ከበር በር ስንከራተት የቆየሁት ከዚያ በላይ ነው።

እዚህ የደረሱት ደግሞ ፈረንጅ ስለሆኑ ወይም ቅን ስለሆኑ አይደለም። የተማሪ አቤቱታ እዚያም ረጅም የመከራ ታሪክ አለው። በጥንቶቹ የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ሲበደል የሚያቤተው «ጎብኚ» ለሚባል ባለሥልጣን ነበር። ጎብኚው አንዳንዱ ዘንድ ጳጳስ ነው፤ አንዳንዱ ዘንድ ንጉሡ ወይም ንግሥቲቱ ናቸው። የእኛን የዙፋን ችሎት አስቡት። ፍርድ ቤቶችም «በጎብኚው ሥልጣን አንገባም» እያሉ ይመልሱ ነበር። በአንጻሩ በፈረንጆቹ 1992 የዩኒቨርሲቲነት ማዕረግ ያገኙት የቀድሞዎቹ ፖሊቴክኒኮች ጎብኚ የሚባል ነገር አልነበራቸውም። እናም አንዱ ተማሪ አቤት የሚለው ለንግሥት፣ ሌላው የሚለው ለማንም!

ከእነዚህ ጎብኚ አልባዎች በአንዱ፣ በሊንከንሻየርና ሃምበርሳይድ ዩኒቨርሲቲ፣ አንዲት ተማሪ ነበረች። በ1990ዎቹ አጋማሽ የመጨረሻ ዓመት ጽሑፏን ልታስረክብ አንድ ቀን ሲቀራት ኮምፒዩተሯ ላይ ጠፋባት። ከመጽሐፍ የገለበጠችው ማስታወሻ በእጇ ስለነበረ እሱኑ አስረከበች። በመጀመሪያ «የሰው ሥራ ሰርቀሻል» ተባለች፤ ይግባኝ ስትል የስርቆቱ ክስ ተትቶ ዜሮ ተሰጣት። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በፈረንጆቹ 2000 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የሰጠው ብያኔ ዛሬም ይጠቀሳል። ዳኞቹ ያሉት በአጭሩ ይኼ ነው፤ ጽሑፉ ስንት ነጥብ ይገባዋል የሚለው የመምህራን ሥራ ነው፤ እኛ አንገባበትም። ዩኒቨርሲቲው ከተማሪዋ ጋር የገባውን ውል፣ የራሱን ደንብ ጥሷል የሚለው ክስ ግን ሊሰማ ይችላል።

ያቺ ልጅ ንጹሕ ነበረች እያልኩ አይደለም። ከመጽሐፍ ገልብጦ ማስረከብ ያው መገልበጥ ነው። ነገር ግን ጥፋተኛም ቢሆን የሚሰማበት ቦታ ያስፈልገዋል።

በፈረንጆቹ 2004 የወጣው የከፍተኛ ትምህርት ሕግ የጎብኚዎቹን የተማሪ ዳኝነት ሻረውና፣ ለእንግሊዝና ለዌልስ አንድ ነፃ የዳኝነት ጽሕፈት ቤት ቆመ። በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ ኦ.አይ.ኤ. ይሉታል። ጳጳስም ቢሆን ንጉሥም ቢሆን የተማሪን አቤቱታ ከእንግዲህ አይሰማም፤ ሁሉም ወደዚያ ነው። ለተማሪ በነፃ ነው። ጠበቃ አያስፈልግም። የአክስቴ ልጅ ቅጹን የሞላችው በራሷ እንግሊዝኛ ነው፤ እንግሊዝኛዋን ደግሞ አውቀዋለሁ! የመምህሩን ኢሜይልና ያንን «አልቋል» የሚለውን ደብዳቤ አያይዛ ላከች። ጽሕፈት ቤቱ በአብዛኛው ሥራውን የሚሠራው በወረቀት ነው። ከሁለቱም ወገን ሰነድ ይቀበላል፣ ያነብባል፣ ይጠይቃል፣ ከዚያ «ትክክል ነው»፣ «በከፊል ትክክል ነው» ወይም «ትክክል አይደለም» ይላል።

ከወራት በኋላ ለእሷ የደረሳት «በከፊል» ነው። ፈቃድ ተሰጥቷት ሳለ ኮሚቴው ኢሜይሉን ሳያገናዝብ መወሰኑ ስሕተት ነው፤ ይግባኙን አዲስ ሰዎች እንደገና ይዩት፤ ለደረሰባት መንገላታትም ካሳ ይከፈላት ተባለ። የቀሩት አቤቱታዎቿ ግን ተቀባይነት አላገኙም። ደውላ «እንግሊዝ አገር እንኳን ፍትሕ በከፊል ነው!» አለችኝ። እኔ ግን ከፊሉን ብትሰጪኝ ምን ነበረበት ብዬ ቀናሁ።

አሁን ደግሞ ጉድለቱን ልንገራችሁ፤ የፈረንጅ ነገር ሁሉ ማር ነው የሚል ንግግር ለማድረግ አልመጣሁም።

አንደኛ ነገር፣ የዚህ ጽሕፈት ቤት በጀት የሚመጣው ከዩኒቨርሲቲዎቹ መዋጮ ነው። ከተከሳሹ ኪስ ደሞዝ የሚበላ ዳኛ ነፃ ነው? ይህን የጠየቅሁት እኔ ብቻ አይደለሁም። አንድ ተማሪ ጥያቄውን ይዞ እስከ ይግባኝ ፍርድ ቤት ሄዶ ነበር፤ በፈረንጆቹ 2011 ፍርድ ቤቱ ክሱን አልተቀበለውም። መዋጮው በሕግ ግዴታ ስለሆነ፣ ውሳኔ አላማረንም ብሎ የሚያስቀር ዩኒቨርሲቲ የለም። እኔ ግን አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተዋጠልኝም። ይልቅ የሚያጽናናኝ ሌላ ነገር ነው። ጽሕፈት ቤቱ ራሱ በፍርድ ቤት ሊጠየቅ ይችላል። «እኔን ፍርድ ቤት ሊያየኝ አይችልም» ብሎ ተከራክሮ በፈረንጆቹ 2007 ተረትቷል። ዳኛውንም የሚዳኝ አለ ማለት ነው።

የውሳኔው ጉልበት ደግሞ ምክር ነው። ፖሊስ አይልክም፣ አያግድም። ዩኒቨርሲቲው አሻፈረኝ ካለ ስሙ በዓመታዊው ሪፖርት ይወጣል። «ስም መውጣት ብቻ?» ብላችሁ እንዳትስቁ። ከውጭ በሚመጡ ተማሪዎች ክፍያ ለሚኖር ዩኒቨርሲቲ ስሙ ማለት ገበያው ነው።

አሸናፊውም ጥቂት ነው። በፈረንጆቹ 2023 ከ3,000 በላይ አቤቱታ ቀርቦለታል፤ በእነዚህ ዓመታት በሙሉም ሆነ በከፊል ለተማሪው የሚፈረድለት ወይም በስምምነት የሚያልቅለት ከአራቱ አንዱ ገደማ ወይም ከዚያም ያነሰ ነው። የመግቢያ ጥያቄ አያይም። ፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይ አያይም። ከሁሉም በላይ ነጥብ አይነካም፤ «ጽሑፌ ለኤ ይበቃ ነበር» ብላችሁ ብትሄዱ በትሕትና ይመልሷችኋል።

ይህን የመጨረሻውን ስሰማ መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። ነጥብ የማይነካ ከሆነ ለተማሪ ምን ይፈይዳል? ቆይቼ ሳስበው ግን የእኔ ጉዳይ መቼ የነጥብ ሆነና! መምህሩ ፈተናዬን አንብቦ «አትረባም» ቢለኝ አንድ ነገር ነው። እኔ ዘንድ ማንም ምንም አላነበበም፤ ወረቀቴ ጠፋ። እዚህ የተቀመጣችሁ ተማሪዎች፣ እስቲ ልባችሁን ጠይቁ። ቅሬታችሁ «መምህሩ በዕውቀቱ ተሳሳተ» ነው ወይስ «ወረቀቱ ጠፋ፣ ግሬዱ ሳይገባ ቀረ፣ ዶክመንቴ ተያዘ፣ ሳልጠየቅ ተባረርኩ» ነው? ሁለተኛው ከሆነ እነዚያ የእንግሊዝ መርማሪዎች የሚያዩት ይህንኑ ነው።

ወደ አገራችን ልመለስ።

በወረቀት ደረጃ ባዶ እጃችንን አይደለንም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ወደ ፍርድ ቤት ወይም የዳኝነት ሥልጣን ወዳለው አካል የማቅረብና ውሳኔ የማግኘት መብት አለው ይላል። በ1992 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 211 የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ተቋቁሟል፤ በ2011 ዓ.ም. ሕጉ ተሻሽሏል። አቤቱታ በጽሑፍም በቃልም ይቀበላል፤ ገንዘብ አይጠይቅም። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አስተዳደር የበደለው ተማሪ እዚያ መሄድ ይችላል። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 ወጣ። የፌዴራል የአስተዳደር ተቋም ውሳኔ በጽሑፍ ከነምክንያቱ እንዲሰጥ ያዛል፤ ቅር የተሰኘም ሰው በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲከለስለት መጠየቅ ይችላል። ይህ አዋጅ እንደኔ የግል ኮሌጅ ለተማረ አይደርስም፤ ልብ በሉ።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? «ካንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» ይባላል። እንባውስ ሞልቷል! እንባ ጠባቂው ግን የሚጠብቀው የቤቱንም፣ የመሬቱንም፣ የጡረታውንም እንባ ነው፤ ለተማሪ ብቻ የቆመ ነፃ ተቋም የለንም። እሱም ዘንድ ሆነ ፍርድ ቤት ስትሄዱ የመጀመሪያው ጥያቄ አንድ ነው፤ «መጀመሪያ እዚያው ጨርሰሃል?» መጨረሴን በምን ላሳይ? «ታገስ» የሚል ማህተም የለው! ሁሉም ደጅ ያንኑ ወረቀት ይጠይቃል፤ ያንን ወረቀት የሚሰጠን የለም።

ግቢ ውስጥ ያለውን ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ያባረራችሁን ወረቀት የፈረመው ሰው ወይም ቡና አጣጪው ሰብሳቢ ሆኖ ይቀመጣል። «አባቱ ዳኛ፣ ልጁ ቀማኛ» ማለት ይኼ አይደል? ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና ለሁሉም ተመራቂ መጥቷል። አሁን ተማሪው «ውጤቴ ይታይልኝ» ሲል ዩኒቨርሲቲው ወደ ሚኒስቴሩ፣ ሚኒስቴሩ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሊያሳየው ነው። የእኔ መከራ በአንድ ግቢ ውስጥ ነበረ፤ የእናንተ በከተማው ሙሉ ሆነ።

አቤቱታ መሄጃ ሲያጣ የት እንደሚሄድ ደግሞ አይተናል። በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የጠየቁት ምን ነበር? የታጠቀ ፖሊስ ከግቢ ይውጣ፣ የተማሪ ማኅበራችንና ጋዜጣችን ይፈቀድልን! ይኼ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሊያልቅ የሚችል ጥያቄ ነው። ሰሚ አጥቶ አደባባይ ወጣ፤ ጥይትም ተቀበለው። የሰው ሕይወት ጠፋ፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው ታሰረ፣ ድንበር ተሻግሮ የተሰደደም ተማሪ አለ። ያን ጊዜ እኔ ልጅ ነበርኩ። ጎረቤታችን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ልጃቸውን ፍለጋ ከእስር ቤት እስር ቤት ሲዞሩ፣ ምግብ የቋጠሩበትን ሳህን ይዘው መመለሳቸው ትዝ ይለኛል።

እንግዲህ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። የእንግሊዝን ጽሕፈት ቤት ከነሕንጻው ይምጣ አላልኩም። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲና ኮሌጅ፣ የመንግሥትም ይሁን የግል፣ የተማሪን አቤቱታ በተወሰነ ቀን ውስጥ ይጨርስ፤ ሲጨርስም «አልቋል፣ የወሰንነው ይህ ነው፣ ምክንያቱ ይህ ነው፣ ከዚህ በኋላ የምትሄደው ወደዚህ ነው» የሚል ወረቀት የመስጠት ግዴታ ይኑርበት። ቀኑ ካለፈና ዝም ካለ ዝምታው እንደ «አይሆንም» ይቆጠርበት። ይኼ በጀት አይጠይቅም፤ አንድ ገጽ ወረቀትና ማህተም ነው።

እስከዚያው ድረስ ተማሪዎች፣ ምንም ነገር በቃል አትጠይቁ። ማመልከቻችሁን በሁለት ኮፒ ጻፉ፣ ቀን ጻፉበት፣ የምትፈልጉትን በአንድ ዐረፍተ ነገር አስቀምጡ። ስድብ አትጻፉ፤ ልመናም አታብዙ። አንፈርምም ካሉ ፖስታ ቤት ሂዱና በአደራ ደብዳቤ፣ ያ ሪኮማንዴ የምንለው፣ ላኩት፤ ደረሰኙን እንደ ዓይናችሁ ብሌን ጠብቁት። ቢሮ የሄዳችሁበትን ቀንና ያነጋገራችሁን ሰው ደብተር ላይ መዝግቡ። ወላጆችም፣ «ዘመድ ይፈለግ» ከማለታችሁ በፊት «ወረቀቱን አሳየኝ» በሉ። ዘመድ ፈልጋችሁ ብታስተካክሉ የእናንተን ልጅ ታድኑ ይሆናል፤ ወረፋው ላይ ከኋላው ያለችውን ልጅ ግን አትጠቅሙም።

ፋይሌ አልተዘጋም ያልኳችሁን ልጨርስ። የአክስቴ ልጅ ደብዳቤ እንቅልፍ ነስቶኝ፣ ባለፈው ወር ወደዚያው ኮሌጅ ሄድኩ። የ2001ን ኤንጂ ለማስለወጥ አይደለም፤ ያ አልፏል። «በጉዳዬ ላይ ምን ተወስኖ ነበር? ያለቀ ከሆነ አልቋል በሉኝ» የሚል ማመልከቻ በሁለት ኮፒ ይዤ ነው። መዝገብ ቤት ያገኘኋት ልጅ እኔ ስፈተን አንደኛ ክፍልም የገባች አትመስለኝም። አንብባ ሳቀች፤ መልሳ አነበበችና ሳቋን አቆመች። ኮፒው ላይ ግን ፈረመችልኝ! ይኸው፣ ይዤው መጥቻለሁ፤ ከኋላ ያላችሁ ተቀባበሉና እዩት፣ ብቻ መልሱልኝ።

ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ማክሰኞ ተመለስ ብላኛለች።